ለመውጫ ፈተና ለምትዘጋጁ የምህንድስና ልጆች፦ በእናቴ የጀንፈል ብር ስለገዛሁት መልስ

ባለፈው እሁድ አጋሮ ላይ ለመውጫ ፈተና ከሚዘጋጁ የምህንድስና ልጆች ጋር ተገናኝተን ነበር። ከጅማ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ፣ ከሸቤ መምጣት ላልቻላችሁ ልጆች ይድረስ ብዬ የተናገርኩትን ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።



መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ። 26 ዓመቴ ነው። ሥራ የለኝም። ይቺን «ሥራ የለኝም» የምትለውን ቀድሜ የተናገርኳት በኋላ ከመሃላችሁ አንዱ ተነስቶ «አንቺስ አልፈሽ ምን አገኘሽ?» እንዳይለኝ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አልሸሸውም፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ግን ልነግራችሁ የመጣሁት ስላለፍኩበት ቀን አይደለም። ስለወደቅኩበት ቀን ነው።

እንደምታውቁት የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተጀመረው ሐምሌ 2015 ነው። የሕግ ተማሪዎች ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲወስዱት ነበር። ለእኛ ለምህንድስና ልጆች ግን አዲስ ነገር ሆነብን። ዶርም ውስጥ ወሬው አንድ ብቻ ነበር፤ «ይቀራል!» ዛሬ ይቀራል፣ ነገ ይቀራል ስንል ቀኑ ደረሰ። አምስት ዓመት የተማርነውን በመቶ የምርጫ ጥያቄ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን፣ 50ና ከዚያ በላይ ማምጣት አለብን። ካልመጣ ዲግሪ የለም።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የቴሌግራም ቻናል አገኘሁ። «የሲቪል ፈተና ከነመልሱ። 1,500 ብር። ቦታ ውስን ነው» ይላል። በዚያው ሳምንት እናቴ ብር ልካልኝ ነበር። እዚህ ያላችሁት የገበሬ ልጆች ናችሁ፣ ጀንፈል ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። በእኛ ቤት ባንክ ማለት ጥግ ላይ የተደረደረው ጆንያ ነው። ሰው ሲታመም አንድ ጆንያ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት አንድ ጆንያ ይወጣል። እናቴ ከዚያ ላይ አንዱን ሸጣ «ለምረቃሽ ቀሚስ ግዢበት» ብላ ላከችልኝ።

እኔ በዚያ ብር መልስ ገዛሁበት።

በቴሌብር ላክሁ፤ ፋይሉ መጣ። መቶ ጥያቄ፣ መቶ መልስ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት «አንድ ቢ፣ ሁለት ዲ፣ ሦስት ኤ» እያልኩ ሸመደድኩ። ደብተሬን አልከፈትኩም። ምን ያደርግልኛል? መልሱ እጄ ላይ ነው እኮ! የፈተናው ቀን ገባሁ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አየሁ፣ የለም። ሁለተኛውን አየሁ፣ የለም። እስከ አሥረኛው ድረስ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቅደም ተከተሉን ቀይረውት ነው ብዬ። አንድም አልነበረም። ከወጣሁ በኋላ ልጽፍላቸው ስሞክር ብሎክ አድርገውኛል።

ውጤቴ 46 መጣ። አራት ጎደለኝ።

አሁን ይህንን አስቡት። ያንን ሦስት ቀን ዝም ብዬ የሶይል ሜካኒክስ ደብተሬን ባነብበት አራት ጥያቄ አላገኝም ነበር? አገኝ ነበር። ሌቦቹ የወሰዱብኝ 1,500 ብር ብቻ አይደለም። ሦስት ቀኔን ወሰዱ፤ በሦስቱ ቀን ደግሞ አንድ ዓመቴን። ቀሚሱ አልተገዛም፣ ከጓደኞቼ ጋር አልተመረቅኩም። እናቴ ስትጠይቀኝ «ብሩ ለፈተና ምዝገባ ዋለ» አልኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእናንተም ውስጥ አሁን ስልኩ ላይ እንደዚያ ያለ ቻናል ያለው ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ስም አልጠራም። ብቻ ዛሬ ማታ ከዚያ ውጡ።

በዚያ የመጀመሪያ ዙር በመላ ሀገሪቱ ፈተናውን የወሰደው 150,184 ተማሪ ነበር። ያለፈው 61,054 ነው፤ ከመቶ አርባ አንድ እንኳ አይሞላም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 77,981 ውስጥ 48,632 አለፉ፤ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ውስጥ ግን 12,422 ብቻ። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወደቃችሁ ልጆች ብቻችሁን አይደላችሁም፤ ያኔ 89,130 ሰው ነው የወደቀው። ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ። ሁለተኛ፣ ፈተናው የመጣው ለቀልድ አይደለም። ወረቀቱና እውቀቱ ምን ያህል እንደተራራቁ ያየነው ያን ቀን ነው።

ከወደቅኩ በኋላ ወደ ቤት ተመለስኩ። ወቅቱ ደግሞ እየተቃረበ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ እዚህ አካባቢ ሥራ ፈት የለም። እኔም ከእናቴ ጋር ለቀማ ገባሁ። በቡና ማጠቢያ ሳይት ያደጋችሁ ታውቃላችሁ፤ እሸቱ ውሃ ውስጥ ሲገለበጥ ፍሬ የሞላው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። ቅርጫት ውስጥ እያለ ግን ሁለቱም ቀይ ነው፣ ሁለቱም ያምራል። እዚያ ቆሜ ሳየው «እኔም እኮ ተንሳፍፌ ነው» አልኩ። ቀይ ነበርኩ፤ ፍሬ አልነበረኝም።

ያነቃኝ ግን ቡናው አይደለም። አንድ የፌሮ ሠራተኛ ነው።

ከሰፈራችን በላይ አንድ ፎቅ ቤት እየተሠራ ነበር። ለፎርማኑ ለምኜ እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ፌሮ ሲታሰር ደረስኩና አዋቂ ሆኜ «ጋሼ፣ ዋናው ፌሮ ከታች አይደለም እንዴ የሚገባው?» አልኳቸው። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በሁለት ኮለን መሃል ላለው ቢም ልክ ነሽ። ይሄ ግን በረንዳ ነው፤ አንድ ጫፉ ባዶ ነው። ሰው ጫፉ ላይ ሲቆም የሚሰነጠቀው ከላዩ ነው። ፌሮውም ከላይ ነው» አሉኝ። ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጡት።

እኔ ሐምሌ ላይ እንደዚሁ ያለ ጥያቄ ደርሶኝ «ከታች» ብዬ ነበር የመለስኩት።

ያን ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ያው ነው። ሁለት ጫፉ የተደገፈ ቢም ላይ ጭነቱ ሲያርፍበት መሃሉ ወደ ታች ይለጠጣል፤ ትልቁ ሞመንት ጭነቱ ሲባዛ በርዝመቱ ስኩዌር፣ ሲካፈል ለስምንት ነው። አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ በረንዳ ሲሆን ግን ማካፈያው ሁለት ነው። ርዝመቱና ጭነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በረንዳው ላይ የሚመጣው ሞመንት አራት እጥፍ ነው ማለት ነው፤ የሚለጠጠውም በላይኛው በኩል። ቀመሩን ለአራት ዓመት አውቀው ነበር። በቃሌ እወጣው ነበር። ምን እንደሚል ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተዘጋጀሁ ልንገራችሁ። አስማት የለውም።

አንደኛ፣ ብሉፕሪንቱን አወጣሁ። ከየትኛው ኮርስ ምን እንደሚጠየቅ ተጽፏል። ስትራክቸር፣ አርማታ፣ ሶይል፣ ፋውንዴሽን፣ ሃይድሮሊክስ፣ ሃይዌይ፣ ሰርቬይንግ፣ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት እያልኩ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ እውነቱን ጻፍኩበት፤ የማውቀው፣ ግማሽ የማውቀው፣ የማላውቀው። ብዙዎቻችን የምናጠናው የምንወደውን ኮርስ ነው። የምትወዱትን አትርሱ፤ ግን ግማሽ ከምታውቁት ጀምሩ። ቶሎ ነጥብ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ አራት ሆነን ተሰበሰብን። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ቡና ትለቅማለች፣ አንዱ የአባቱን ሱቅ ይጠብቃል። ሰሌዳ ስላልነበረን በአንዱ ቤት የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ነበር የምንሠራው። ሕጉ አንድ ነው፤ ዛሬ ተራው የደረሰው ሰው አንድ ርዕስ ለሦስታችን ያስረዳል። ማስረዳት ካቃተው አልገባውም ማለት ነው፤ ማንም አይስቅበትም። መጀመሪያ ሰዓታችን ማታ ነበር። ሁለታችን ሴቶች ነን፤ ማታ ቤት ሥራ አለ፣ መንገዱም አለ። ወደ ጠዋት ቀየርነው። ወንዶች ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ። እህታችሁ ፈተና ካለባት አንድ ሰዓት እንጀራ መጋገሩን ያዙላት፤ አትሞቱም።

ሦስተኛ፣ የስህተት ደብተር ያዝኩ። የተሳሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ሥር እጽፈዋለሁ፤ አላውቀውም ነበር፣ አውቄው ሒሳቡን ተሳሳትኩ፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም። ከአንድ ወር በኋላ ስቆጥረው ደነገጥኩ። ብዙው የማላውቀው አይደለም! ኒውተንና ኪሎ ኒውተን፣ ሚሊ ሜትርና ሜትር ነው። «የማይሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «የሚሆነው» ብዬ አንብቤው ነው። ይሄ የእውቀት ችግር አይደለም፣ የጥንቃቄ ችግር ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን መጻፍ፣ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ሁለቴ ማንበብ።

አራተኛ፣ አሮጌ ኖቶችን ተጠንቀቁ። ከሲኒየሮች የወረስነው ኖት ብዙው የተጻፈው በድሮው ኮድ፣ በኢቢሲኤስ 1995 ነው። ከዚያ በኋላ በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢኤስ ኢኤን መጥቷል። ለምሳሌ በድሮው «ሲ 25» ስንል 25ቱ የኪዩብ ጥንካሬ ነው። በአዲሱ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ «ሲ 20/25»፣ ፊተኛው የሲሊንደር፣ ኋለኛው የኪዩብ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ቀመሩ ልክ ሆኖ መልሱ ይሳሳትበታል።

አምስተኛ፣ ሰዓት ይዛችሁ ተፈተኑ። ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ። ላፕቶፕ የሌለው የሰው ይዋስ። እስክሪን ላይ ሲነበብ ጥያቄው ይረዝማል፣ ዓይን ይደክማል። የምታውቁትን ቀድማችሁ ሥሩ፣ የከበደውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ በአንድ ጥያቄ አትጣሉ።

ስድስተኛ፣ ሳይት ሂዱ። ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። ሲሚንቶ ሲቦካ እዩ። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ በ25 ሊትር ውሃ ከተቦካ የውሃና የሲሚንቶ ሬሾው 0.5 ነው። ሠራተኛው ስለከበደው አሥር ሊትር ሲጨምርበት 0.7 ይሆናል። ለመሥራት ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው፤ ውሃው ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ጥያቄው በየትኛውም መልክ ቢመጣ አይስተውም። አፈሩንም እዩ። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጫማ የሚያስቀረው ዋልካ ምን እንደሆነ የጅማ ልጅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። መጽሐፉ የሚጨምርላችሁ ስሙንና ልኩን ነው፤ ሊኩዊድ ሊሚቱ 70፣ ፕላስቲክ ሊሚቱ 30 ከሆነ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 40 ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ መሠረት እንዳገኙ አይጣልም። የቤታችሁ ግድግዳ ለምን በየዓመቱ እንደሚሰነጠቅ አሁን ገባችሁ?

በዚህ ሁኔታ አምስት ወር ሠራን። የካቲት 2016 በድጋሚ ተፈተንኩ። 68 አመጣሁ። አራታችንም አለፍን።

አሁን ወደዚያ ጥያቄ ልመለስ። አልፈሽ ምን አገኘሽ?

ሥራ አላገኘሁም። ሲቪዬን ይዤ ያልሄድኩበት የለም። ሁሉም ቦታ «ልምድ» ይሉኛል፤ ልምድ የሚሰጥ የለም። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ «በርቱ ብቻ» ብዬ የምሸፍነው አይደለም። ፈተና ማለፍ ሥራ ይሰጣል ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። ዲግሪ ይዞ የሚመዘገብ መሐንዲስም ቢሆን መጀመሪያ ምሩቅ መሐንዲስ ነው የሚባለው፤ ወደ ላይኛው ደረጃ ለመውጣት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ያ መንገድ ገና ከፊቴ ነው።

ታዲያ ለምን አትኮርጁ እላችኋለሁ? ዲግሪው ያው ወረቀት ከሆነ እንደምንም ብናገኘውስ?

መሐንዲስ በፈቃድ ይሥራ የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንይ። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የመሐንዲስ ምዝገባ ሕግ ያወጣችው ዋዮሚንግ የምትባል ግዛት ናት፣ በ1907 በእነሱ አቆጣጠር። ለምን? ሰው ለመስኖ ውሃ ፈቃድ ሲያመለክት ካርታ ያቀርባል፤ ካርታውን ደግሞ ማንም እየተነሳ «መሐንዲስ ነኝ» ብሎ ይፈርምበት ነበር። የተጎዳው ውሃውን የሚጠብቀው ገበሬ ነው። በ1937 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ በአንድ ትምህርት ቤት ጋዝ አፈትልኮ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ቴክሳስ የመሐንዲሶችን የምዝገባ ሕግ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። ሕጉ የመጣው መሐንዲሱን ለማሰቃየት አይደለም። ዲዛይን ማንበብ የማይችለውን፣ ግን ከጣራው ሥር የሚቀመጠውን ሰው ለመጠበቅ ነው።

ሩቅ ሀገር አትሂዱ ካላችሁ እዚሁ አጠገባችን ግልገል ጊቤ ሁለት አለ። 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ 420 ሜጋ ዋት። ጥር 2002 ተመረቀ፤ ሳምንታት ሳይቆይ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ጥገናው ወራት ወሰደ። እዚያ የሠሩት የዓለም ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች ናቸው። ተራራው ግን የማንንም ሲቪ አያይም። የእኛ ፈተና ማለፊያው 50 ነው፤ ተራራው 50 አምጥተሃል ብሎ አያሳልፍም። በ2017 ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ እየደጋገመ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ ወርዶ ውጭ ቆመ። ያን ሌሊት ደጅ የቆመ ሰው የሚያስበው «ይህን ቤት የሠራው ማነው?» ብሎ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልናገርና ላብቃ።

ባለፈው ዓመት አንድ የማውቀው ሰው ቤቴ መጣ። ፎቅ እየሠራ ነው። «አንቺ ኢንጂነር ነሽ፣ ይህን ፕላን አይተሽ ወጪ ቀንሺልኝ። የበረንዳው ቢም ላይ ባለ 14 ፌሮ ይላል፤ ባለ 10 አድርጊልኝና ለሠራተኞቹ ንገሪልኝ። 5,000 ብር እሰጥሻለሁ» አለኝ። ያኔ ኪሴ ውስጥ የባጃጅ እንኳ አልነበረኝም። እናቴ ከጓዳ ትሰማለች።

ከ14 ወደ 10 ሲባል ትንሽ ይመስላል አይደል? የክቡን ስፋት ሥሩት። ባለ 14ቱ 154 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ገደማ ነው፣ ባለ 10ሩ 79 ገደማ። ግማሹን ብረት አውጪ ነው ያለኝ፤ ያውም ከበረንዳ ላይ፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበት። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ቤት በተመዘገበ ባለሙያ ነው ዲዛይን መደረግ ያለበት፤ እኔ ገና አይደለሁም፤ ብሆንም አላደርገውም። ይህንኑ ነገርኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ሌላ ሰው አስደርጎት ይሆናል፤ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ።

ግን ልብ በሉ። በ2015 መልሱን የገዛሁት ፋይል እውነተኛ ሆኖ 80 ባመጣ ኖሮ፣ ይህ ሰው ሲመጣ ምን እለው ነበር? በረንዳ ላይ ፌሮ የት እንደሚገባ እንኳ አላውቅም ነበር እኮ። 5,000 ብሩን እቀበል ነበር፤ በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ። «አልፈሽ ምን አገኘሽ?» ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። እምቢ የምልበትን ምክንያት አገኘሁ። ሥራው ሲመጣ ደግሞ፣ ይመጣል፣ ፊርማዬን የማላፍርበት ሰው ሆኜ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጉ። ከዚያ ቻናል ውጡ። ብሉፕሪንቱን አውርዳችሁ ግማሽ የምታውቁትን አንድ ርዕስ ምረጡ። ለሦስት ጓደኛ ደውላችሁ ሰዓት ቁረጡ። ቦታ ያጣችሁ እኛ ጋ ኑ፤ የቆርቆሮው በር አሁንም አለ፣ ጠመኔም አለ። የወደቃችሁ ደግሞ በተለይ ኑ። 46 ያመጣ ሰው ነው የሚያስተምራችሁ።



ይህን ከለጠፍኩ የጎረቤት ልጅ ለእናቴ ሊያነብላት ይችላል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ትናንት ማታ ቡና ላይ ራሴ ነገርኳት። ሁለተኛውን እስክትቀዳ ዝም አለች። ከዚያ «ምን ዓይነት ቀሚስ ነበር ልትገዢ ያሰብሽው?» አለችኝ።